ከሻይ ማንኪያ ያነሰ ነገር፦ አዮዲን፣ የሕፃን አንጎልና የእኛ ፍርድ

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የተሰጠኝ ርእስ ሰፊ ነው። ሥነ ሕይወት የሰውን ልጅ ዕድገትና ጠባይ እንዴት እንደሚቀርጽ እንድናገር ነው የተጋበዝሁት። በዚህ ርእስ ላይ የሚሰጥ ገለጻ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ሰውን ሰው የሚያደርገው ተፈጥሮው ነው ወይስ አስተዳደጉ?» በሚለው የቆየ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ በትክክል የተጠየቀ አይመስለኝም። ይህንንም ለማሳየት ሰፊውን ርእስ ትቼ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ እርሷም አዮዲን የምትባለው ንጥረ ነገር ናት። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ያደግሁት በደጋ አገር ነው። በልጅነቴ እንቅርት በሽታ መሆኑን አላውቅም ነበር። እንደ ሽበት ሁሉ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የትልልቅ ሴቶች ምልክት ይመስለኝ ነበር። እናቶቻችን ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጠም አድርገው ይሸፍኑታል፤ አንዳንዶቹም ይከላከልልናል ብለው አንገታቸውን ይነቀሱ ነበር። ቋንቋችንም በሽታውን አሳምሮ ያውቀዋል። በመከራ ላይ መከራ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። አንድ ሕመም የምሳሌያዊ አነጋገር መነሻ እስኪሆን ድረስ ከሕዝብ ጋር ኖሯል ማለት፣ ሰው እንደ በሽታ ማየቱን ትቶ እንደ ዕጣ ተቀብሎታል ማለት ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ መምህር ሆኜ የተመደብሁትም በደጋ አገር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል በኋለኛው ረድፍ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ጥያቄ ስጠይቀው ዘግይቶ ይመልሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመልስም። ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ፀሐይ ወጥታ ሌሎቹ ሲሯሯጡ እርሱ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። አንድ ቀን በጓደኞቹ ፊት «አንተ ደደብ ነህ፤ ደግሞም ሰነፍ ነህ» አልሁት። በማግስቱ እናቱ መጡ። «ጋሼ፣ ልጄ ሰነፍ አይደለም፤ ይደክመዋል እኮ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ነጠላቸው ከአንገታቸው ሸርተት አለ፤ እንቅርታቸውንም አየሁት። ስለ ታይሮይድ ዕጢ በኮሌጅ ተምሬ፣ ተፈትኜም ጥሩ ውጤት አምጥቼ ነበር። ሆኖም በእናቲቱ አንገትና በልጁ ድካም መካከል ግንኙነት ሊኖር እንደሚችል ለአፍታ እንኳ አላሰብሁም። የዛሬው ንግግሬ ያን ቀን ማሰብ የነበረብኝን ዘግይቼ የማስብበት ነው።

እንግዲህ ከዕጢው እንጀምር። ታይሮይድ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች፣ ቢራቢሮ የመሰለ ቅርጽ ይዞ የተቀመጠ ዕጢ ነው። ሥራው ሁለት ሆርሞኖችን መሥራት ነው። አንዱ በእያንዳንዱ ሞለኪውሉ አራት፣ ሌላው ሦስት የአዮዲን አቶሞችን ይይዛል። ሰውነታችን አዮዲንን ራሱ ሊፈጥረው አይችልም፤ ከምግብና ከውኃ ማግኘት አለበት። የሚያስፈልገው መጠንም እጅግ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ይመክራል። ሒሳቡን ብታሰሉት፣ በቀን 150 ማይክሮግራም የሚወስድ ሰው በሰባ ዓመት ውስጥ የሚያስፈልገው አዮዲን በድምሩ 4 ግራም አይሞላም። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ድርሻ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም ማለት ነው።

ያቺ ጥቂት ነገር ስትጎድል አንጎል ታይሮይድን አብዝቶ እንዲሠራ ያዘዋል። ዕጢው የሌለውን አዮዲን ፍለጋ ይለፋል፤ እየለፋም ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይህ ነው። ስለዚህ እንቅርት የእርግማን ምልክት ሳይሆን ሥራውን በጎደለ ዕቃ ለመሥራት የሚታገል ዕጢ ምልክት ነው። ሆርሞኑ እያነሰ ሲሄድ ደግሞ ሰውየው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ይጫነዋል፣ ሐሳቡ ይንቀራፈፋል፣ ስሜቱም ይዳምናል። ልብ በሉ! እነዚህ ሁሉ በዕለት ተዕለት ንግግራችን የጠባይ ስሞች ያሏቸው ናቸው። ይህን ሰው ፈዛዛ፣ ሰነፍ፣ ግዴለሽ፣ ኩርፍተኛ እንለዋለን። ሥነ ሕይወት በጠባይ ላይ ያለውን ሥልጣን ለመረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም።

በአዋቂ ሰው ላይ የደረሰው ችግር ሕክምና ካገኘ በአብዛኛው የሚመለስ ነው። በጽንስ ላይ የሚደርሰው ግን እንደዚያ አይደለም። የጽንሱ ታይሮይድ ሥራ የሚጀምረው ከሦስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው። ከዚያ በፊት አንጎሉ የሚገነባው በእናቱ ሆርሞን ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የነርቭ ሕዋሳት ከተወለዱበት ስፍራ ተነሥተው ወደየቦታቸው ይጓዛሉ፤ ቀጥሎም ቅርንጫፍ ያወጣሉ፣ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ መልእክት የሚያፋጥን ሽፋንም ይለብሳሉ። ታይሮይድ ሆርሞን ይህን ሥራ በየሰዓቱ የሚጠራ ደወል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደወሉ ካልተደወለ ሠራተኞቹ በሰዓቱ አይደርሱም፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ቢደወል ደግሞ የተዛነፈው ግንብ ፈርሶ አይሠራም። እጥረቱ በጣም ሲከፋ ክሬቲኒዝም የተባለው ጉዳት ይከተላል። የአእምሮ ዕድገት ክፉኛ ይገታል፤ በብዙዎቹም ላይ መስማትና መናገር አለመቻል፣ የእግር መተሳሰር ወይም የቁመት ማጠር አብሮ ይታያል።

ይህ ግምት ሳይሆን በጥናት የተረጋገጠ ነው። በ1966 በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋማ አካባቢ፣ ጂሚ በሚባለው ሸለቆ፣ ፒተር ፋሮአና ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ ጀመሩ። ቤተሰቦችን በተራ ከፍለው ለግማሾቹ አዮዲን ያለበት ዘይት፣ ለሌሎቹ ደግሞ አዮዲን የሌለበት የጨው ውኃ በመርፌ ሰጡ። ውጤቱ በ1971 ታተመ። አዮዲን ካላገኙት እናቶች ከተወለዱት 534 ልጆች መካከል 26ቱ ክሬቲኒዝም ሲገኝባቸው፣ አዮዲን ካገኙት እናቶች ከተወለዱት 498 ልጆች መካከል የተገኘባቸው 7 ነበሩ። ከሰባቱ የስድስቱ እናቶች ደግሞ መርፌውን ሲወጉ ቀድመው አርግዘው ነበር። ይህን የመጨረሻ ነጥብ አትርሱብኝ። አዮዲኑ ደርሷቸዋል፤ የደረሳቸው ግን አርፍዶ ነው። ሸለቆው አንድ፣ ሕዝቡ አንድ፣ ምግቡ አንድ ሆኖ ሳለ በሁለት ሕፃናት ሕይወት መካከል ልዩነት የፈጠሩት ጥቂት ሳምንታት ነበሩ።

አንድ ተማሪ «ክሬቲኒዝም የከፋው ጫፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሰውስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የጉዳዩ ትልቁ ክፍልም እዚያ ላይ ይገኛል። በ1994 ብላይክሮትና ቦርን የተባሉ ተመራማሪዎች የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው ሲመረምሩ፣ እጥረት ባለባቸው ማኅበረሰቦችና በሌለባቸው መካከል በአማካይ 13.5 ነጥብ የሚሆን የአእምሮ ፈተና ልዩነት አገኙ። የልዩነቱ መጠን ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ አቅጣጫው ግን ወጥ ነው። በ2013 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ከ1 ሺህ በላይ እናቶችንና ልጆቻቸውን ተከታትሎ፣ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ቀለል ያለ የአዮዲን እጥረት የነበረባቸው እናቶች ልጆች በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው በቃል ችሎታና በንባብ ዝቅ ያለ ውጤት የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ምልከታ እንጂ ሙከራ ስላልሆነ ሌሎች ምክንያቶችን ፈጽሞ ማስወገድ አይቻልም፤ ነገር ግን ከሌላው ማስረጃ ጋር ይስማማል።

በሌላ በኩል በር ሁሉ በልደት ቀን አይዘጋም። በ2006 ውጤቱ በታተመ የአልባንያ ሙከራ፣ ከ10 እስከ 12 ዓመት ለሆናቸው እጥረት ያለባቸው ተማሪዎች አዮዲን ተሰጥቷቸው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ሲፈተኑ ካልተሰጣቸው ይልቅ በአንዳንዶቹ የአእምሮ ፈተናዎች ተሻሽለው ተገኝተዋል። በጽንስነት የተዛነፈው አይመለስ ይሆናል፤ ዛሬ የጎደለውን ዛሬ መሙላት ግን ዛሬ ይጠቅማል። በኋለኛው ረድፍ የተቀመጠውን ልጅ ተስፋ ቆርጠን የምንተውበት ሳይንሳዊ ምክንያት የለም።

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ። ይህ ታሪክ ስለ ተፈጥሮ ነው ወይስ ስለ አካባቢ? አዮዲን ያለ ጥርጥር ሥነ ሕይወት ነው፤ በዕጢና በሆርሞን፣ በሕዋስና በዘረ መል ይሠራል። ግን አዮዲኑ ከየት ይመጣል? ትልቁ ማከማቻው ባሕር ነው። በደጋና በተራራማ አገር ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥቡት አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል። አፈሩ ያጣውን እህሉም ያጣል፤ እህሉ ያጣውን እናቲቱም ታጣለች። በሌላ በኩል ጎመንና ካሳቫን የመሳሰሉ ምግቦች አዮዲን ባነሰበት ቤት አብዝተው ሲበሉ የዕጢውን ሥራ የሚያውኩ ነገሮች አሉባቸው። ስለዚህ የተራራው ቁልቁለት፣ የክረምቱ ጎርፍና የጓሮው አትክልት በአንድ ሕፃን አንጎል ውስጥ ቦታ አላቸው። እንዲህ ከሆነ የአካባቢ ወሰን የት ላይ አብቅቶ ነው የሥነ ሕይወት የሚጀምረው? እኔ መስመሩን ማስመር አልቻልሁም። ሥነ ሕይወት ዓለም ወደ ሰው የሚገባበት በር እንጂ ከዓለም የሚለየው አጥር አይደለም።

በዚህ በር የሚገባው አፈርና ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ ንግድና ጦርነት፣ ሕግና አስተዳደርም ይገባሉ። የአገራችን ጨው ጥሩ ምስክር ነው። ከአፋር ምድረ በዳ በግመል እየተጫነ የሚወጣው አሞሌ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ነገር ግን የተፈጥሮ ጨው፣ የባሕሩም ቢሆን፣ በውስጡ የሚገኘው አዮዲን በቂ አይደለም፤ ሰው ሊጨምርበት ይገባል። የ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከመነሣቱ በፊት አዮዲን የተጨመረበት ጨው በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ አገሪቱ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ጨው ዞረች፤ ያ ጨው ግን ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው አዮዲን አይጨመርበትም ነበር። በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ለትምህርት ከደረሱ ሕፃናት መካከል ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት ተገኘባቸው። እንቅርቱ ሁሉ በጦርነቱ መጣ እያልሁ አይደለም፤ ከጥንትም ነበረና። ነገር ግን መከላከያው በእጃችን ሳለ ከእጃችን የወጣው በአፈር መታጠብ ሳይሆን በሰዎች መጣላት ነው። በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ግን 89 በመቶ ደረሱ። በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ አንቀጽ ገና ባልተወለደ ሕፃን የነርቭ ሕዋሳት ጉዞ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ነጥብ ለእኛ ለምሁራን ይበልጥ ይከብዳል። ሁለት ማኅበረሰቦች በፈተና ተለያይተው ስናይ «በዘራቸው ነው» ለማለት የሚቸኩሉ ሰዎች በየዘመኑ አልጠፉም። የሥነ ዘረ መል ሊቁ ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1970 ለዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ በአንድ ምሳሌ መልስ ሰጥቶ ነበር። ምሳሌውን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ከአንድ ጎታ ሁለት እፍኝ ዘር ዘግናችሁ አንዱን በተሟላ መሬት፣ ሌላውን ንጥረ ነገር በጎደለው መሬት ዝሩት። በየማሳው ውስጥ አንዱን ቡቃያ ከሌላው ረጅም የሚያደርገው የዘር ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ በማሳው ውስጥ መሬቱ ለሁሉም እኩል ነውና። በሁለቱ ማሳዎች አማካይ ቁመት መካከል ያለው ልዩነት ግን ፈጽሞ የመሬቱ ነው። በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ያለ ልዩነት በውርስ መገለጹ፣ በሁለት ማኅበረሰቦች መካከል ያለው ልዩነትም በውርስ መሆኑን አያሳይም። የስዊዘርላንድ ተራሮች ይህን በሰው ሕይወት አሳይተውናል። በዚያ ክሬቲኒዝም ለብዙ ዘመን የተራራው ሕዝብ ዕጣ ተደርጎ ይታይ ነበር። ከ1922 ጀምሮ አዮዲን ያለበት ጨው በየቀበሌያቸው ሲዳረስ ግን ሕዝቡ ሳይለወጥ፣ ተራራውም ሳይነቃነቅ፣ ክሬቲኒዝም ከሚወለዱት ልጆች መካከል ጠፋ።

እንግዲህ ጥንቃቄው በሁለቱም ወገን ነው። ሥነ ሕይወትን ንቀን «ልጁ ቢፈልግ ይችል ነበር» ብንል፣ ሰውነት የማይችለውን ከፈቃድ እየጠየቅን ልጁን እንበድላለን። ሥነ ሕይወትን ዕጣ ፈንታ አድርገን «ከተፈጥሮው ነው፣ ምን ይደረጋል» ብንል ደግሞ ሊደረግ የሚችለውን ባለማድረግ እንበድለዋለን። ሁለቱ ስሕተቶች ተቃራኒ ይመስላሉ፤ የሚያደርሱት ግን እዚያው ኋለኛው ረድፍ ላይ ነው። ደግሞም አዮዲን ሁሉን ነገር አይገልጽም። ረኃብ፣ የደም ማነስ፣ የመስማት ችግር፣ የቤት ውስጥ ሥጋት፣ በቋንቋው አለመማር ሁሉ ልጅን ዝም ያሰኛሉ። ጉዳቱ ደርሶባቸው የተወለዱትም ቢሆኑ የመከላከያ ትምህርት ማስፈራሪያ ሥዕሎች አይደሉም። የምልክት ቋንቋ፣ ትምህርት፣ ሥራና ክብር የሚገባቸው ወገኖቻችን ናቸው።

ተማሪዎቼ፣ የቤት ሥራችንን በሦስት ላጠቃልል። አንደኛው መለካት ነው። አዮዲን በጨው ውስጥ «አለ» መባሉና «በበቂ መጠን አለ» መባሉ የተለያዩ ናቸው፤ የ2016ቱ አኃዝ የሚነግረን መኖሩን ነው። ከፋብሪካ እስከ ወጥ ቤት ያለውን መንገድ መከታተል በላቦራቶሪ ለተማራችሁት ሙያ የሚገባ ሥራ ነው። ሁለተኛው ማስተማር ነው። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ይባክናል። ጨው ከድኖ ማስቀመጥ፣ አለማጠብ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይረዳል። ይህን ሴት ልጅ ከማርገዟ በፊት ልታውቀው ይገባል፤ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የስድስቱን እናቶች ታሪክ አስታውሱ። አባቶቻችን ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይሉታል። የእኛ ችግር ግን ጨው አዮዲን ቢኖረውም ባይኖረውም እኩል መጣፈጡ ነው። የምላስን ምስክርነት ማመን የማይቻልበት ቦታ ስላለ ነው ሳይንስና ሕግ ያስፈለጉን።

ሦስተኛው የቤት ሥራ የራሴ ነው። ያ ተማሪዬ የአዮዲን እጥረት ነበረበት ብዬ አልፈርድም። ምርመራ አልተደረገለትም፤ የብዙዎች ማስረጃም ብቻውን በአንድ ሰው ላይ ፍርድ አይሰጥም። ነገር ግን ዛሬ ሐኪም ሆኜ ልፈርድለት የማልችለውን ያህል፣ ያን ቀንም መምህር ሆኜ ልፈርድበት አይገባኝም ነበር። እናቱ ያዩትን ነበር የነገሩኝ፦ «ይደክመዋል»። ያ ቃል ምልከታ ነበር። የእኔ «ሰነፍ» ግን ምልከታ ሳይሆን ፍርድ ነበር። ከሁለታችን ያን ቀን እንደ ሳይንቲስት የተናገሩት እርሳቸው ናቸው።

ነገ መምህራን፣ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ስትሆኑ ዘግይቶ የሚመልስ ልጅ ፊታችሁ መቆሙ አይቀርም። ስም ከማውጣታችሁ በፊት ምን በልቶ እንደመጣ፣ እናቱ በእርግዝናዋ ምን እንደጎደላት፣ ጆሮው ይሰማ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ በጓደኞቹ ፊት የሰነዘርሁትን ያን ቃል ዛሬ በእናንተ ፊት አንሥቻለሁ።